ልዑል ዓለማየሁና ፎቶግራፎቹ

ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት ወር ዐረፉ።

ሕፃኑ በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ደርሶ ዋይት በተባለችው ደሴት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ሞግዚቱ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ተብሎ የሚታወቀው፣ አማርኛ ተናጋሪው ሻምበል ስፒዲ ነበር። በዚያችው ደሴት ይኖሩ የነበሩት ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ወር ልጁን አነሡት። ወይዘሮ ካሜሮን ካሜራ የጨበጡት በ48 ዓመታቸው ሲሆን፣ ከመልክ ይልቅ የውስጥን ስሜት ለመያዝ ይጥሩ ነበር። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው እርጥብ መስተዋት ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፣ ተነሺው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ግዴታው ነበር። እናቱን ካጣ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን እንዲሁ ተቀመጠ። ሥዕሉን የሚመለከት ሰው ከዐይኖቹ ሐዘን ያነብባል። የሥዕሉ ርእስ ግን ማዕረጉንና ስሙን ጠርቶ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑን ከመግለጽ አያልፍም።

ዓለማየሁ ከዚያ በኋላ ከስፒዲ ጋር ሕንድ አገር ኖረ፤ ተመልሶም በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። በየጊዜው የተነሣቸው ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የአገሩ ልብስ በአውሮፓ ኮት መተካቱን ያሳያሉ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ፤ ዊንድሰርም ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለም። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የስፒዲ ዘመዶች ጠብቀው ያኖሩት ዘለላ ጠጉሩ ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

እነዚህን ፎቶግራፎች ያስነሡትም በአልበም ያኖሩትም ሌሎች ናቸው። ስለዚህ የሚመሰክሩት እንግሊዞች ልጁን እንዴት ሊያስታውሱት እንደ ወደዱ ነው እንጂ፣ እርሱ መቅደላንና እናቱን እንዴት ያስታውስ እንደ ነበረ አይደለም። ይህ ጉድለት እኛን የሙያ ባልደረቦችን ይመለከታል። ዛሬም ቤት ንብረቱን ያጣ ሰው፣ ወላጅ የሞተበት ሕፃን ከካሜራችን ፊት ይቀመጣል። ከሥዕሉ ጀርባ ስሙንና ቀኑን እንጽፋለን፤ ከዚያ አልፈን ምን እንደሚያስታውስ ብንጠይቀውና የነገረንን በሁለት መስመር ብንጽፍለት፣ ያ ፎቶግራፍ የእኛ ብቻ ሳይሆን የእርሱም ትዝታ ይሆናል።