ኦኔሲሞስ ነሲብና የልዩ ድጋፍ ጥያቄ

ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ መንገደኛ ገና ብዙ ሳይርቅ ሁሩሙን ያገኛል። አገሩ ቡና ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ዝናብ የማይነጥፍበት የኢሉባቦር ምድር ነው። በ1856 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሒካ የተባለ ሕፃን የተወለደው በዚሁ አካባቢ ነበር። ሒካ በኦሮምኛ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። ልጁ ባደገ ጊዜ የስሙን ትርጉም በሥራው አስመሰከረ፤ የታሪክ መዝገብ በይበልጥ የሚያውቀው ግን ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው መጠሪያ ነው።

የኦኔሲሞስን ሕይወት እንደገና መመርመር የሚገባው ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። በዘሩ፣ በቆዳው ቀለም ወይም በትውልዱ ምክንያት ሲናቅና ሲገፋ ለኖረ ወገን የሚሰጥ ልዩ ድጋፍ ንቀትን ያስወግዳል ወይስ ያጸናል የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። ሕንድ በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥቷ ለተገፉት ወገኖች የተለየ ቦታ እንዲጠበቅላቸው ፈቀደች። በአሜሪካ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ የ1961 ትእዛዝ ጀምሮ እየሰፋ የመጣው አሠራር ደግሞ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘርን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መመዘኛ ማድረግን በመከልከሉ ታላቅ መሰናክል ገጠመው። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ለሴቶች፣ በአንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ደንግጓል። ደጋፊዎቹ የተዘጋውን በር ያልዘጉት ሰዎች ብቻቸውን ሊከፍቱት አይችሉም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በድጋፍ የገባ ሰው በችሎታው አልገባም እየተባለ ዘወትር ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ንቀቱ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም ይላሉ። ይህ ክርክር ከመነሣቱ አስቀድሞ አንድ የኢሉባቦር ሰው ሁለቱንም ወገን በራሳቸው ሕይወት ፈትነውታል።

ሒካ አባቱን ያጣው በአራት ዓመቱ ነበር። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ጠልፈው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ደቡብ ምዕራቡ አገር፣ ደገኛውም ቆለኛውም፣ ለባሪያ ንግድ የተጋለጠ ነበር፤ ከዚያ የሚነዱት ሰዎች ወደ ሱዳንና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይወሰዱ ነበር። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ስምንት ጌቶችን ካየ በኋላ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረከበው።

የልዩ ድጋፉ ታሪክ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዘመድና ርስት የሌለው፣ በገበያ ዋጋ የተቆረጠለት ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል ይወዳደር ቢባል ኖሮ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያበቃ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን በሩን ከፈተለት፤ እርሱም በትጋት ተማረ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፣ በትንሣኤ በዓል ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ሲሆን በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው። ከዚያም ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው፣ ሚሲዮኑ መልእክተኞቹን በሚያሠለጥንበት በዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አጠኑ። ለእሳቸው የቀለለ ነገር ቢኖር መግቢያው ነበር፤ ሥራው ግን ቅንጣት ታህል አልቀለለላቸውም።

ወደ ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን ካገቡ በኋላ፣ በሱዳን በኩል ወለጋ ለመግባት ከተነሣው የሚሲዮን ጉዞ ጋር ወጡ። ጉዞው ከፋማካና ከአሶሳ አላለፈም። መሪው አሬኒዩስ ፋማካ ላይ ሞተ። ኦኔሲሞስም ታመው ነበር፤ ይሁን እንጂ ኃላፊነቱን ተረክበው፣ የማህዲስቶች ዐመፅ በተቀጣጠለበት ወራት፣ የቀሩትን ሰዎች በ1882 ሚያዝያ 10 ቀን ካርቱም አደረሱ። በእርዳታ ያደገው ሰው ረዳቶቹን ከሞት አፋፍ እየመራ አወጣቸው። በ1886 እንደገና ሞክረው እንጦጦ ድረስ ቢዘልቁም ማለፊያ ፈቃድ ተከለከሉና ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

መንገዱ ሲዘጋባቸው ብዕር አነሡ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲጀምሩ ግን አንድ የተሰወረ ጉዳት ገሃድ ወጣ። በልጅነታቸው ከወገናቸው ስለተነጠቁ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምሳሌውና ለዛው ጎድሎባቸው ነበር። ባርነት ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ቃልንም ይዘርፋል። ይህን ጉድለት የስዊድን ትምህርት ሊሞላው አልቻለም። የሞላችው ሌላዋ ነጻ የወጣች ልጅ አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት የኖረች ስትሆን፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ የጣልያን መርከቦች አስጥለዋት እምኩሉ የገባች ነበረች። ለቋንቋው ልዩ ስሜት ነበራትና የኦሮምኛ ቃላት አሰባስባ መዝገብ አዘጋጀች፤ ወደ 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችንም ሰበሰበች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ የንባብ መማሪያው በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦኔሲሞስ የመጨረሻውን ኅትመት ለመቆጣጠር ስዊስ አገር ወደምትገኘው ቅድስት ክሪሾና ሄደው ነበር። ያንን መጽሐፍ ሰው ያነበበው ለተርጓሚው አዝኖ አይደለም፤ ቋንቋው የራሱ ስለሆነ ነው።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እምኩሉ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያልደረሱት እልፍ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ የአንድ ሰው መማር የናቂዎቹን ልብ ወዲያው አላለሰለሰም። በ1904 ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወለጋ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። በነቀምቴ ተቀምጠው በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ሲጀምሩ ግን የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸው፤ ባለመሬቶችም ገበሬው ማንበብና መጻፍ መማሩን አልወደዱትም። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ስብከት ግን ተከለከሉ። እሳቸውም ለዓመታት በትምህርት ቤታቸው ብቻ ተወስነው ቆዩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ ከሰጧቸው በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1931 ሰኔ 21 ቀን፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ተቃውሞው የመጣባቸው ድጋፍ በመቀበላቸው ሳይሆን የተቀበሉትን ለሌሎች በማካፈላቸው ነበር። አንድ የተማረ ባሪያ እንደ ብርቅ ሊታይ ይችላል፤ መንደርን የሚያስተምር ግን ሥርዐቱን ይነካል። ድጋፍ ንቀትን የሚያናጋው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ነው። ሆኖም ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1924 የባርነት ማስወገጃ ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942፣ ኦኔሲሞስ ካረፉ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ሕግ የሌለበት ድጋፍ ጥቂቶችን ያድናል፤ ድጋፍ የሌለበት ሕግም ነጻ የወጣውን ሰው ባዶ እጁን ከመንገድ ላይ ይተወዋል።

ይህ ጉዳይ ከኢሉባቦር ከተሞች የራቀ አይደለም። ከመቱ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችው በጎሬ ዘመን፣ የጋምቤላ ቆላም በዚያው ግዛት ሥር ይተዳደር ነበር፤ የቆላው ሰው በመልኩ ጥቁረት ምክንያት ባሪያ ተብሎ የተሰደበበት ጊዜ አጭር አልነበረም። ኋላ ከጋምቤላና ከመሰል ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ፣ የቀድሞው ስድብ በድጋፍ የገባ በሚል ሹክሹክታ ተተካ። ሹክሹክታውን ነጥቡን ከፍ በማድረግ ብቻ ማስቆም አይቻልም። የሚያስቆመው ከመግቢያው በኋላ የሚደረገው ነው፤ ይኸውም ተማሪው የጎደለውን የሚሞላለት መምህር ማግኘቱ፣ ሲመረቅ እንደማንኛውም ተማሪ ተመዝኖ መመረቁ፣ የራሱን ቋንቋና ዕውቀትም ለጋራው ማዕድ እንዲያቀርብ መጠየቁ ነው።

መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። የሁሩሙ ልጅ ለትምህርት ቀይ ባሕር ድረስ መነዳት አያስፈልገውም። ሒካ በስምንት ጌቶች እጅ አልፎ ያገኘው በር አሁን በሰፈሩ ተከፍቷል፤ በሩ የእውነት በር መሆኑ ግን የሚታወቀው የገባው ሰው እንደ ኦኔሲሞስ ሲወጣ፣ ከኋላው ለምትመጣውም አስቴር ቦታ ሲገኝ ነው።