የክንዱን ነርቮች ለሕመም ጥናት ያስቆረጠው ሐኪም ሄንሪ ሄድ

መርፌ ጣታችንን ሲወጋን እጃችንን ለማሸሽ አንድ አፍታም አይፈጅብንም። ነገር ግን ያ ሕመም ከቆዳችን ተነሥቶ እንዴት እንደሚሰማን ጠይቀን እናውቃለንን? እኛ በሳይንስ ክፍላችን ስለ ነርቭ በተማርን ጊዜ ይህ ጥያቄ ተነሥቶብን ነበርና፥ ለዚሁ ጥያቄ ሲል የገዛ ክንዱን ለቢላዋ የሰጠውን የእንግሊዛዊውን ሐኪም ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሄንሪ ሄድ ኦገስት 4 ቀን 1861 በሎንዶን ተወለደ። በካምብሪጅ ተምሮ፥ ወደ ፕራግም ተሻግሮ ስለ መተንፈስና ስለ ነርቭ አጠና። ወዳገሩ ተመልሶ ሐኪም ከሆነ በኋላ በሽተኞቹን ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ውስጣዊ ብልቱ የታመመ ሰው ሕመሙ በተወሰነ የቆዳው ስፍራ ላይ ይሰማዋል፤ ልቡን የታመመውም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ግራ ክንዴን ብሎ ነው። ዶክተር ሄድ ይህን በ1893 ጽፎ ስላወጣ እነዚያ ስፍራዎች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በ1900ም ካምቤል ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ፥ እኛ አልማዝ ባለጭራ የምንለው በሽታ ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ያሉትን የነርቭ ቋጠሮዎች እንደሚጎዳ አሳየ። ሽፍታው በሰውነት ላይ እንደ መቀነት የሚዞረው ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሥራው እንቅፋት ገጠመው። በሎንዶን ሆስፒታል ነርቫቸው የተቆረጠ በሽተኞች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ሕመምን የሚያውቀው የሚታመመው ብቻ ነው። የደከመ ሠራተኛ ለረዥም ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማውን ስሜት አንድ ባንድ ለይቶ እንዲናገር ማድረግ አልተቻለም። ስለዚህ ዶክተር ሄድ ራሱ በሽተኛ ለመሆን ቈረጠ።

ኤፕሪል 25 ቀን 1903 አንድ ቀዳጅ ሐኪም የዶክተር ሄድን ግራ ክንድ ከክርኑ አጠገብ ከፍቶ፥ ወደ ቆዳ የሚሄዱ ሁለት ነርቮች ቆረጠና ጫፎቻቸውን መልሶ በሐር ክር ሰፋቸው። በሽተኛው ያን ጊዜ 41 ዓመቱ፥ ፍጹም ጤነኛም ነበረ። ከዚያ ወዲያ ከአራት ዓመት በላይ ወደ ካምብሪጅ እየተመላለሰ ወዳጁ ዊልያም ሪቨርስ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። እርሱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሪቨርስ በጥጥ፥ በመርፌ፥ በሙቅና በቀዝቃዛ ዕቃ ክንዱን እየነካ መልሱን ይጽፋል። ይህን ትዕግሥት ስናስብ በፈተና አዳራሽ ሁለት ሰዓት የምናጕረመርመው እኛ እናፍራለን።

በመጀመሪያ የእጁ ጀርባ ጥጡንም መርፌውንም አልሰማ አለ፤ ጠንከር ብሎ ሲጫኑት ግን ያውቅ ነበር። ከሳምንታት በኋላ የመርፌው ሕመም ተመለሰ፥ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። በሰፊው የሚሠራጭ፥ ስፍራው የማይለይ፥ እጁን በድንገት የሚያስነሣ ክፉ ሕመም ሆነ። ቀላል ንክኪን የመለየቱ ስሜት የመጣው ከሁሉ ዘግይቶ ሲሆን፥ እርሱ ሲመለስ ያ ክፉ ሕመም ለዘበ። ከዚህም ዶክተር ሄድ በቆዳችን ውስጥ አንዱ ሻካራ፥ ሁለተኛው ረቂቅ የሆኑ ሁለት የስሜት ሥርዓቶች አሉ ብሎ ደመደመ። ጽሑፉም በ1908 ታተመ።

በሚከተለው ዓመት ትሮተርና ዴቪስ የሚባሉ ሐኪሞች የራሳቸውን ነርቮች አስቆርጠው ቢመረምሩ እንዲህ ያለ የተለየ ድንበር አላገኙም። ክፍፍሉ በዚያ መልኩ ዛሬ አይታመንበትም። ይሁን እንጂ ወፍራምና ቀጭን የነርቭ ክሮች በተለያየ ፍጥነት መልእክት እንደሚያደርሱ፥ ሕመምም በቀጫጭኖቹ እንደሚሄድ ኋላ ታውቋል። በ1997 ደግሞ የዴቪድ ጁሊየስ ባልደረቦች በነርቭ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን አገኙ፤ ይህንኑ ፕሮቲን የበርበሬም ቅመም የሚያቃጥልም ሙቀት ይከፍተዋል። ሚጥሚጣ ምላሳችንን ሳያግል አቃጠለን የምንለው ለካ በዚህ ምክንያት ኖሯል! ጁሊየስ በ2021 የኖቤልን ሽልማት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈለ።

ዶክተር ሄድ ከክንዱ ጥናት በኋላ በ1911 ከጎርደን ሆምስ ጋር ስለ አንጎልና ስለ ስሜት ጻፈ፤ በ1926ም ንግግራቸው ስለ ጠፋባቸው በሽተኞች ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። በ1927 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በዚያን ጊዜ ግን ሲያጠናው የኖረው የነርቭ ነገር በራሱ ላይ መጥቶበት፥ ፓርኪንሰን በተባለው በሽታ ተይዞ ሥራውን ትቶ ነበር። እየደከመ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ኦክቶበር 8 ቀን 1940 በሬዲንግ ከተማ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።