ሪህ ከፈረስ ያወረዳቸው ሱልጣን

«ቃኑኒ» ወይም ሕግ ደንጋጊው በመባል የሚታወቁት የዑስማኒያው ሱልጣን ሱለይማን እ.ኤ.አ ከ1520 ጀምሮ ለ46 ዓመታት ገዝተዋል። ዕድሜያቸውን በፈረስ ጀርባ ያሳለፉት እኚህ መሪ በስተእርጅናቸው ሪህ ክፉኛ አሰቃያቸው። ሕመሙ ሲነሳባቸው መራመድም ሆነ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ይከብዳቸው ነበር።

ከ1555 ወዲህ ራሳቸው ዘምተው አያውቁም ነበር። በ1566 ግን በ71 ዓመታቸው ወደ ሀንጋሪ ሲነሱ ፈረሱን ትተው በሰረገላ ተጓዙ። የሲጌትቫር ምሽግ ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያው በድንኳናቸው አረፉ።

ኢስታንቡል ላይ ባሠሩት የሱለይማኒያ መስጂድ ግቢ ሆስፒታልና የሕክምና መድረሳም ነበር። ሕመም ዙፋን አይፈራም፤ የታመመ ሰው ግን መጓጓዣውን ይቀይራል እንጂ ኃላፊነቱን የግድ አይጥልም።

አላህ ይዘንላቸው፤ በሪህ ለሚሰቃዩ ወገኖቻችንም ሺፋውን ያውርድላቸው።