የአበበ ቢቂላ የሮም ጫማ የት አለ?

ልጅ እያለሁ ቢቸና ውስጥ የምሰበስበው የደብተር ሽፋን ነበር። አትሳቁብኝ። አሜሪካ ያሉ ልጆች የቤዝቦል ተጫዋቾችን ካርድ ይሰበስባሉ፤ ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ውጤቱ የታተመበት ትንሽ ካርቶን ነው፤ ድሮ ከማስቲካ ጋር ታሽጎ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን የነበረኝ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሽፋኑን በምላጭ ቆርጬ ፍራሽ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ሜሲ፣ ሮናልዶ፣ ድሮግባ፣ ሩኒ። የሂሳብ ደብተሬ ሩኒ ስለነበር እስከ ዛሬ ሩኒን ሳይ ክፍልፋይ ትዝ ይለኛል።

ክረምት ላይ ሞጣ አክስቴ ቤት እላካለሁ። ሽፋኖቼን ዝናብ እንዳይነካብኝ ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ፣ አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ድረስ እቅፌ ውስጥ ነበሩ። የአክስቴ ልጅም ሰብሳቢ ነው። ሁለት ድሮግባ በአንድ ሜሲ እንለዋወጣለን፤ የኔ ሜሲ ጥጉ ከታጠፈ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ዋጋ የሰማሁት አብዛኛው ነገር አዲስ አልሆነብኝም።

አንድ ክረምት ሞጣ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አየን። ጨለማ ነው። ቀጭን ሰው ይሮጣል፤ ልብሱ ላይ 11 ቁጥር አለ፤ እግሩ ግን ባዶ ነው። እኛ የምናውቃቸው ስፖርተኞች ሁሉ የሚያብረቀርቅ ታኬታ ያደረጉ ስለነበሩ፣ ይሄ ሰውዬ ጫማው ተሰርቆበት ነው ብዬ አሰብኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ በድንቁርናችን ተናደዱ። ከዚያ ቁጭ አድርገው ነገሩን። ቅጂ እንዲያትሙልን ስንለምናቸው ሁለት ሳምንት ሱቁን እንድንጠርግ አዘዙን። ጠረግን። አንዲት ፎቶ ለሁለት ልጅ ሰጡን፤ የዛሬው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው በሰሜን ሸዋ መንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ሯጭ ያደረገው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው፤ ያገኘውም ወታደር ሆኖ ነው። ለሮም ኦሎምፒክ ሲታጭ ከአገር ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጊዜው ታዋቂ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ታሞ መጓዝ ስላልቻለ እሱን ተክቶ ሄደ የሚሉም አሉ።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። እኛ ጋ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሮም ውስጥ የነሐሴ ሙቀት ስላልበረደ ሩጫው የጀመረው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ሲመሽ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ። ሮም ውስጥ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላስቸገረው፣ እንደ ልምምዱ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ድህነት ነው ብለው የሚያወሩ አሉ፤ አይደለም፤ እግሩ የለመደውን መረጠ።

ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሄዱ ሄዱና፣ መጨረሻው ሲቃረብ ኢጣልያ በወረራው ጊዜ ከአክሱም ነቅላ ሮም ያቆመችው ሐውልት አካባቢ ሲደርሱ አበበ ፍጥነት ጨመረ። (ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ 45 ዓመት ፈጅቷል።) በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በማራቶን የተመዘገበ ፈጣኑ ሰዓት ነበር። ራዲ የገባው 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

አሁን እንደ ሰብሳቢ ላስብ። በየትኛውም ስፖርት ውድ ሆኖ የሚሸጠው ዕቃ ባለቤቱ በዚያች በታላቋ ቀን የለበሰው፣ የያዘው ወይም የተጫማው ነው። የቤዝቦል ሰብሳቢ ቤቢ ሩት ያንን ኳስ የመታበትን ዱላ ይፈልጋል። የኳስ ሰብሳቢ ማራዶና ያንን ግብ ያገባበትን ማሊያ ይፈልጋል። የማራቶን ሰብሳቢስ? ጫማ ነዋ! የአበበ የሮም ጫማ ግን በየትኛውም ጨረታ ላይ አይወጣም፤ ኖሮ አያውቅማ። ከዚያ ሌሊት የቀረው የእግሩ ቆዳ ነው፤ እሱም አብሮት ተቀብሯል። እኔ ይህን ሳስብ ይገርመኛል። ገበያው በጣም የሚፈልገው ዕቃ ጭራሽ የሌለ ዕቃ ነው።

ጫማ ሻጮች ግን ወዲያው ነቅተዋል። በዓመቱ ጃፓን ኦሳካ ላይ ሊሮጥ ሲሄድ የጃፓኑ ጫማ ፋብሪካ ባለቤት ኦኒትሱካ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ጫማውን አድርጎ እንዲሮጥ አግባባው። አበበ አድርጎት አሸነፈ። ያ ፋብሪካ ዛሬ አሲክስ የምንለው ነው። በመሐሉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈ፤ አበበ ከዚያ ጣጣ ተርፎ ሩጫውን ቀጠለ።

ቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በዚህ ሁኔታ ሌላ ሰው ቢሆን አልጋ ላይ ነው። እሱ በፑማ ጫማ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ መጣ። በዚያ መሐል አበበ ስታዲየሙ ሣር ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ ጂምናስቲክ ሠራ። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ እዩት፤ የሚዝናና ሰው ነው የሚመስለው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ነው። ቁጥሩ 17 ነበር። እኔ ባለ 17ቱን ፎቶ አልወደውም፤ ጫማ አለበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ድል ቮልስዋገን ሸለሙት። ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. እግሩን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በዚያችው ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ።

ብዙ ሰው የአበበን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ እኔ ደግሞ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ያለውን አበበ ነው። እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ቆይቶ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣ። እዚያው እንግሊዝ በ1962 ዓ.ም. ቀስት ይዞ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ መንሸራተቻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ! የጃቶ ልጅ። ከሮም ጫማ ይልቅ እኔ ያንን ቀስት ባገኘው ደስ ይለኛል። ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ፤ ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከወሰደ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ንጉሡም በቀብሩ ተገኙ።

ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ፈተና ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. ቪብራም የተባለ ኩባንያ፣ የጣልያን ነው እንግዲህ፣ እንደ ጓንት ጣት ጣት ያለው፣ በባዶ እግር የመሮጥ ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ አውጥቶ ስሙን ቢቂላ አለው። የሌለውን የሮም ጫማ ፈጥረው ሸጡት ማለት ነው። ቤተሰቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ዘጋው፤ ምክንያቱም ነገሩን እያወቁ ዓመታት ዘግይታችሁ መጥታችኋል የሚል ነው። ስም ንብረት ነው፤ እኛ ግን የሚያጥረው ሰው አላቆምንለትም። ይህን ዜና ያነበብኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ነው፤ ፎቶዋ ትዝ ያለችኝም ያኔ ነው።

የሞጣዋ ፎቶ። ስናገኛት ውል ገብተን ነበር፦ ክረምትን ሞጣ፣ በጋውን ቢቸና። አንድ ዓመት ሠራ፤ ከዚያ እሷም እዚያው ሞጣ ቀረች። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለሁ ቴሌግራም ላይ የድሮ ፎቶ የሚገዛ ሰው አገኘሁና የአክስቴን ልጅ ደወልኩለት፤ ሸጠን እንካፈል አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ገዢው ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፊርማ አለው ወይ ብሎ ነው። የለውም። ቀጥሎ ጀርባው ላይ የታተመበት ዓመት ይታያል ወይ አለኝ። የቅጂ ቅጂ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ያለው የአክስቴ ልጅ በእስክሪብቶ የጻፈው የራሱ ስም ነው። ገዢው ቻቱን አጥፍቶ ሄደ።

አሁን የአክስቴ ልጅ ይቅርታ እንድጠይቅ እየጠበቀ ነው። ፎቶዋን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏታል አሉኝ። እኔም ውሉ ክረምትና በጋ እንደነበረ፣ የኔም ስም ጀርባዋ ላይ ሊጻፍ እንደሚገባ ላስረዳው ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሞጣ እሄዳለሁ። ሩኒዎቼን በሙሉ ይዤ ነው የምሄደው።