ኩርት ሄርዝስታርክ

ኩርት ሄርዝስታርክ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1902 – ኦክቶበር 27 ቀን 1988) ኦስትሪያዊ መሐንዲስና ኩርታ የተባለችው የኪስ ሒሳብ ማስያ ፈጣሪ ነበር። ኩርታ ያለ ባትሪና ያለ ኤሌክትሪክ፣ በጥርሳም ጎማዎች ብቻ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ትሠራ ነበር። የዚህችን ማሽን ዝርዝር ንድፍ ሄርዝስታርክ በወረቀት ላይ ያሰፈረው በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ሳለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

ሄርዝስታርክ የተወለደው በቪየና ከተማ ነው። አባቱ ሳሙኤል ያኮብ ሄርዝስታርክ አይሁዳዊ፣ እናቱ ደግሞ ክርስቲያን ነበሩ። አባቱ በከተማዋ የሒሳብ ማሽን ፋብሪካ ስለነበረው ልጁ ሙያውን የተማረው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። በኋላም የፋብሪካውን ማሽኖች ለመሸጥ ብዙ ቦታ ተዘዋወረ። በዚያን ጊዜ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጡት ማሽኖች ጠረጴዛ የሚይዙ ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። በኪስ የሚያዘው የስሌት ማስመሪያ ደግሞ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነበር። መሬት ቀያሾች፣ አርክቴክቶችና የግንባታ ባለሙያዎች ሜዳ ላይ ሆነው የሚያሰሉበት ትንሽና ትክክለኛ ማሽን ይፈልጉ ነበር። ሄርዝስታርክም ይህን ጥያቄ ይዞ ለዓመታት አሰበበት።

የማሽኗ አሠራር

የቀድሞዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ላይብኒትስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈጠረው ባለ እርከን ከበሮ ነበር። ይህ ከበሮ ርዝመታቸው የተለያየ ዘጠኝ ጥርሶች አሉት። ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ ከበሮ ስለሚያስፈልግ ማሽኑ ይሰፋል። ሄርዝስታርክ ከበሮውን አንድ ብቻ አድርጎ መሃል ላይ አቆመው፤ አሃዞቹንም ዙሪያውን ደረደራቸው። ማሽኗም ክብ ሆና በአንድ እጅ የምትጨበጥ ሆነች።

የቀረው ችግር መቀነስ ነበር። ጎማዎቹን ወደ ኋላ ማሽከርከር ተጨማሪ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ቦታ የለም። ሄርዝስታርክ መፍትሔውን ያገኘው መቀነስን ወደ መደመር በመለወጥ ነው። ለምሳሌ ከ852 ላይ 437ን ለመቀነስ፣ በመጀመሪያ የ437 እያንዳንዱ አሃዝ ከ9 ይቀነሳል፤ 562 ይሆናል። 852 ሲደመር 562 ደግሞ 1414 ነው። የፊተኛው 1 ተነሥቶ በቀረው 414 ላይ ሲደመር 415 ይገኛል፤ ትክክለኛው መልስም ይኸው ነው። በኩርታ ከበሮ ላይ ለመደመርም ለዚህ ማሟያ ቁጥርም የሚሆኑ ጥርሶች አሉ። ተጠቃሚው ለመቀነስ ሲፈልግ መዘወሪያውን ትንሽ ወደ ላይ ስቦ ያዞረዋል፤ የቀረውን ማሽኗ ራሷ ትጨርሳለች። ለማባዛት መደመር ይደጋገማል፤ በ23 ለማባዛት መዘወሪያው ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ የላይኛው ክፍል በአንድ ቤት ይዛወራል፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ይዞራል። የዛሬ ኮምፒዩተሮችም መቀነስን የሚሠሩት በተመሳሳይ ሐሳብ፣ የማሟያ ቁጥር በመደመር ነው።

ጦርነትና እስር

አባቱ በ1937 ሞተ። ሄርዝስታርክ በ1938 ለፈጠራው የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስለያዘች ፋብሪካው ለጀርመን ጦር የመለኪያ መሣሪያዎች እንዲሠራ ተደረገ። በ1943 ሠራተኞቹ የእንግሊዝ ሬዲዮ ዜናን በማሰራጨት ተከሰው ሲታሰሩ ሊከራከርላቸው ሄደ፤ እሱም ታሰረ። በፕራግ ፓንክራትስ እስር ቤት ከቆየ በኋላ ወደ ቡከንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተላከ።

ካምፑ አጠገብ እስረኞች ለጦርነቱ የሚሆኑ ረቂቅ የብረት ክፍሎችን የሚሠሩበት የጉስትሎፍ ፋብሪካ ነበር። ሄርዝስታርክ በሙያው ምክንያት እዚያ ተመደበ። የፋብሪካው ኃላፊዎች ስለ ትንሿ ማስያ ሲያውቁ፣ ከድሉ በኋላ ለሂትለር በስጦታ እንድትቀርብ ንድፏን እንዲሠራ ፈቀዱለት። ከመደበኛው ሥራ ውጪ ባለው ሰዓትም በእርሳስ ይስል ጀመር። ያ ድል አልመጣም፤ ንድፉ ግን ሰውየውን በሕይወት ለመቆየት ረዳው።

ከጦርነቱ በኋላ

ቡከንቫልድ ኤፕሪል 11 ቀን 1945 ነፃ ወጣ። ሄርዝስታርክ ንድፎቹን ይዞ ዞመርዳ በተባለች ከተማ ወዳለ ፋብሪካ ሄደ፤ እዚያም ሦስት ናሙናዎች ተሠሩለት። አካባቢው ወደ ሶቪየት ጦር እጅ ሊገባ ሲል ናሙናዎቹን ይዞ ወደ ቪየና አመለጠ። በቪየና ገንዘብ የሚያወጣለት አላገኘም። በመጨረሻ የሊኽተንሽታይን መስፍን ዳግማዊ ፍራንዝ ዮሴፍ ፍላጎት ስላሳዩ፣ ኮንቲና የተባለ ኩባንያ በማውረን መንደር ተቋቋመ።

ማሽኗ ስትሳካ ባለ ገንዘቦቹ ኩባንያውን እንደገና አዋቅረው የሄርዝስታርክን አክሲዮን ዋጋ ሊያሳጡት ሞከሩ። ፓተንቱ ግን ገና በራሱ ስም ስለነበር ሊደራደሩት ተገደዱ። እሱም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኩባንያው ወጣ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ግን በሊኽተንሽታይን ኖረ።

ትሩፋት

በጠቅላላው 140,000 ያህል ኩርታዎች ተሠርተዋል። የመጀመሪያዋ ዓይነት 11 አሃዝ፣ በ1954 የወጣችው ሁለተኛዋ ዓይነት ደግሞ 15 አሃዝ ያለው ውጤት ታሳያለች። በቅርጿና በአዟዟሯ ምክንያት ብዙዎች የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ይሏት ነበር። በመኪና ውድድር ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጡ ረዳቶችም ጊዜንና ፍጥነትን ያሰሉባት ነበር። በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ የቀረበው ኤችፒ-35 ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ሳይን፣ ኮሳይንና ሎጋሪዝምን ጭምር በአንድ ቁልፍ ስለሚሰጥ የመካኒካል ማስያዎች ዘመን አበቃ። ኩርታዎች ዛሬ በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም አሁን ድረስ ይሠራሉ።