ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የአገር ሀብት አቈጣጠር

በገበያ ቀን በባሕር ዳር ገበያ መካከል ቢቆሙ የዘጌ ቡና፣ የጣና ዓሣ፣ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ባንድነት ይታያል። ይህና ይህን የመሰለው ሁሉ ተደምሮ የአገር የዓመት ምርት ይባላል። ምርቱ ጨመረ ሲባል ግን የሕዝቡ ኑሮ ተሻሻለ ማለት ነውን? የአገር ሀብት ከምን እንደሚመጣ በአማርኛ አስቀድመው በጥልቀት ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸውና ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በማይ ምሻም ተወለዱ። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. ከሐይቃችን በስተ ምዕራብ ባለችው በመተማ ጦርነት ላይ ወደቁ። ዘመኑም ክፉ ቀን የተባለው የረኃብ ዘመን ነበር። ሕፃኑ ወደ ምጽዋ ተሰደው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሩ። ከዚያም አንድ ቀን መርከብ ሊያዩ ገብተው ሳይወርዱ ቀሩና ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ አሳደጋቸው፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛን እንደ ገና በትጋት አጥንተው የዳግማዊ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። የቤተ መንግሥቱ ሁኔታ ግን አልተመቻቸውም፤ ወደ ሱዳንም ተሰደዱ። በ1904 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአስመራ ታተመ። በዚህም የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም በእህልና በማር መሆኑ ቀርቶ በታወቀ ልክ በገንዘብ እንዲከፈል አሳሰቡ። ገቢው በውል ያልታወቀ መንግሥት ወጪውን በምን ይወስናል?

በኋላም የጅቡቲ ባቡር ተቈጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የጉምሩክ ሹም ነው። እንግዲህ ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ሲገባ በየዕለቱ በሚታይበት በር ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከማናቸውም ትምህርት ቤት ይልቅ ያስተማራቸው ይህ በር ነው።

ነገሩን በጋቢ ምሳሌ እንመልከተው። ገበሬው ጥጡን ለፈታይዋ በ200 ብር ሸጠ እንበል። እርስዋ ፈትላ ድርና ማጉን ለሸማኔው በ500 ብር ሸጠች፤ ሸማኔውም ጋቢውን በ1500 ብር ሸጠ። ሦስቱን ሽያጭ ደምሮ 2200 የሚል ተማሪ ተሳስቷል፤ ጥጡን ሦስት ጊዜ ቈጥሮታልና። እውነተኛው ምርት 1500 ብር ነው፤ ከዚህም የገበሬው ድርሻ 200፣ የፈታይዋ 300፣ የሸማኔው 1000 ነው። ጥጡ እንዳለ ወደ ውጭ አገር ቢሄድ ግን እኛ ዘንድ የሚቀረው 200 ብቻ ነው። ገብረ ሕይወት አጥብቀው የተከራከሩት ስለዚህ ነው። በወርቅ ብዛት ሳይሆን በሥራና በዕውቀት ሀብት እንደሚገኝ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ዕውቀት ባለው ሕዝብ የጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ ጻፉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በከተማችን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያን 1300 ብር እዚሁ የማስቀረት ሥራ ነው ብንል አንሳሳትም።

በሚቀጥለው ዓመት ያው አንዱ ጋቢ 1800 ብር ቢያወጣስ? ልዩነቱን 300ን ለ1500 አካፍለን በመቶ ብናባዛ ዕድገቱ 20 በመቶ ይመጣል። ነገር ግን ጋቢው አሁንም አንድ ነው፤ ያደገው ዋጋው እንጂ ምርቱ አይደለም። ስለዚህ የሁለቱን ዓመት ምርት በአንድ ዓመት ዋጋ ማስላት ግድ ይሆናል። ጋቢው ከ100 ወደ 103፣ ሕዝቡም ከ100 ወደ 103 ቢደርስ ደግሞ ለነፍስ ወከፍ የተጨመረ ነገር የለም። በሒሳቡ የማይገባም አለ፤ እናቶቻችን ጠላ ጠምቀው ቢሸጡ ይቈጠራል፣ ለቤታቸው እንጀራ ሲጋግሩ የሚውሉት ድካም ግን አይቈጠርም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ሞቱ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሲሞን ኩዝኔትስ የአሜሪካንን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለአገሩ ምክር ቤት ያቀረበውም እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን፣ ይህ እርሳቸው ከሞቱ 15 ዓመት በኋላ ነው። በአገራችን ምርቱን የሚያካፍሉት የሕዝብ ብዛት ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ነጋድራስ ካረፉ 65 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር።