በኃያላኑ መካከል፦ የጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ የሕይወት ጉዞ

አቃቂ በሰቃን አቋርጦ የሚወርደው ወንዝ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአገሪቱ ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። የተሠራበት ገንዘብ ግን ብድርም እርዳታም አልነበረም፤ ጣሊያን ለአምስቱ ዓመት ወረራ እንድትከፍል የተፈረደባት የጦር ካሳ ነው። በዳርቻው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ፣ በጀልባ ዓሣ የሚያሰግሩ ወጣቶች የውኃው መነሻ የፓሪስ የሰላም ጉባኤ መሆኑን ሲሰሙ መደነቃቸው አይቀርም። ያንን ካሳ በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ከተከራከሩት ኢትዮጵያውያን ግንባር ቀደሙ አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ ሀብተነህ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው መኰንንና ሌላው ወንድማቸው አካለወርቅም በኋላ ሚኒስትሮች ሆነዋል፤ ከመሳፍንት ወገን ያልሆነ የካህን ቤት ሦስት ሚኒስትሮችን ማፍራቱ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ወጣቱ አክሊሉ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ ተምረው ወደ ፓሪስ ተሻገሩ፤ በዚያም ሕግ አጠኑ። ፈረንሳይኛቸው የዕድሜ ልክ መሣሪያቸው ሆነ፤ የትዳር አጋራቸውም ፈረንሳዊቷ ኮሌት ቫላድ ነበሩ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አክሊሉ በፓሪስ ለጋሲዮን ያገለግሉ ነበር። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራ የጀመረው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱን አቤቱታ ወደ አውሮጳና ወደ አሜሪካ ያሰማ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ ወጣቱ ዲፕሎማት የአቤቱታውን ዕጣ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ያይ ነበር። ፈረንሳይ ጀርመንን ፈርታ ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ትጥር ነበር፤ እንግሊዝም እንዲሁ። ሁለቱ መንግሥታት የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። የመንግሥታት ማኅበር አባልነት ኢትዮጵያን አላዳናትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ጣሊያን ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ጦርነት ስታውጅ፣ ትናንት ፊቷን ያዞረችው እንግሊዝ የኢትዮጵያ አርበኞች የጦር አጋር ሆነች። የአክሊሉ የኋላ ሥራ ሁሉ ከዚህ ልምድ የተቀዳ ይመስለኛል። ወዳጅነት በጥቅም እንደሚመጣና በጥቅም እንደሚሄድ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው አይተውታል። ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ከተማዋን ለቀው ወጡ፤ ከነጻነት በኋላም አገራቸው ገብተው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ሥራ ጀመሩ።

የጠበቃቸው ሥራ ከአሸናፊው ወዳጅ ጋር መከራከር ነበር። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ነጻነትን ቢያውቅም እጅግ የጠበበ ነበር። የእንግሊዝ አማካሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተመድበዋል። የምድር ባቡሩ በእንግሊዝ ጦር እጅ ነው። ኦጋዴን፣ ሐውድና የተከለለ የሚባለው ቦታ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይተዋል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚነት እንዲኖረው ሳይቀር በጽሑፍ ሰፍሯል።

አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ውል ለመውጣት የመረጡት ዘዴ ሌላ ኃያል ወደ አዳራሹ ማስገባት ነበር። አሜሪካ በአስመራ ራዲዮ ማሪና የሚባለውን የመገናኛ ጣቢያ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ትጠቀምበት ነበርና በአካባቢው ጥቅም አላት። የኢትዮጵያ መንግሥት አሜሪካዊውን የሕግ ባለሙያ ጆን ስፔንሰርን አማካሪ አድርጎ ያዘ፤ ስፔንሰር ለረጅም ዓመታት ከአክሊሉ ጎን ሠርተዋል። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ልዑክ ሎርድ ደላዋር ጋር ከከባድ ድርድር በኋላ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። የመልእክተኛው ቀዳሚነት ቀረ፤ የምድር ባቡሩም ከእንግሊዝ ጦር እጅ ወጣ። ኦጋዴን ግን ለጊዜው ተብሎ እንዳለ ቆየ፤ ጊዜው ሊረዝም እንደሚችል ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ቦይ ላይ በቆመ የአሜሪካ የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። አክሊሉ ከተጓዦቹ አንዱ ነበሩ። የጉዞው ዝግጅት ከእንግሊዞች ተሰውሮ መከናወኑ ስለ ዓላማው ብዙ ይናገራል። የቀረበው ማስታወሻ ስለ ኤርትራ፣ ስለ ባሕር በር፣ ስለ ምድር ባቡር፣ ስለ ኦጋዴንና ስለ ጦር መሣሪያ የሚያወሳ ነበር። በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ከኢትዮጵያ ፈራሚዎች መካከል የአክሊሉ ስም ይገኛል። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ነዳጅ እንዲፈልግ ፈቃድ ያገኘውም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የተዋዋለውም በ1945 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ውስጥ ነው። አንድ ኩባንያ ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ባለ መሬት ላይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ሲወስድ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ አሜሪካ መመስከሯ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ዕጣ ነው። እዚህ ላይ የኃያላኑ አሰላለፍ በየወሩ ይገለባበጥ ስለነበር መከታተሉ አድካሚ ነው፤ ዋና ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን በ1938 ዓ.ም. የሶማሌ ሕዝብ የሚኖርባቸውን መሬቶች፣ ኦጋዴንን ጨምሮ፣ በአንድ ሞግዚት አስተዳደር ሥር የማሰባሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ዕቅዱን ሶቪየት ኅብረት አጥብቃ ተቃወመች፤ ፈረንሳይና አሜሪካም አልደገፉትም። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን የተጠቀመችው ከሞስኮ ተቃውሞ ነበር። በኤርትራ ጉዳይ ደግሞ ሞስኮ ከኢትዮጵያ ተቃራኒ ሆና ተሰለፈች። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ቅኝ ግዛቶቿን እንድትለቅ፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍልና የዘረፈቻቸውን ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ አስገደደ። በመጨረሻ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተከፈለው ካሳ ከተባለው ያነሰ ቢሆንም የቆቃ ግድብ ተሠራበት። ከቅርሶቹ አንዱ የሆነው የአክሱም ሐውልት ግን እስከ 1997 ዓ.ም. ሮም ቆሟል።

ኤርትራ ግን ለሦስት ዓመት ያህል ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ተንከባለለች። በ1941 ዓ.ም. የእንግሊዝና የጣሊያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የተስማሙበት የክፍፍል ዕቅድ አብዛኛውን ኤርትራ ለኢትዮጵያ ይሰጥ ነበር። ዕቅዱ ከሊቢያና ከሶማሊያ ጉዳይ ጋር በአንድ ላይ የታሰረ ስለነበር፣ የሊቢያው ክፍል በሄይቲ ልዑክ ድምፅ ሲወድቅ ሁሉም ወደቀ። አክሊሉ እንደገና ከዜሮ ጀመሩ፤ ብዙ ድምፅ የነበራቸውን የላቲን አሜሪካ አገሮች ልዑካን ማግባባትም የሥራቸው አካል ሆነ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዐቅቦ ወሰነ። በዚያው ጊዜ የኮሪያ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም የቃኘው ሻለቆችን ላከች። በየተራ ከዘመቱት ከ3,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። የጋራ ደኅንነት በ1928 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አልሠራም፤ ለኮሪያ እንዲሠራ መዝመት በዲፕሎማሲ ዓይን ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ፤ አንዱ የአስመራውን ጣቢያ ለ25 ዓመት ለአሜሪካ ይሰጣል፤ ሌላው ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ያመጣል።

የወታደሩን ነገር ብዙዎች ጽፈውታል። በግብርናው ዘርፍ ላለን ሰዎች ግን ከዚያ ወዳጅነት የተረፈው ሌላ ነገር ነው። የፖይንት ፎር ስምምነት በ1943 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከአሜሪካው ኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውልም የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመሠረተ። ዛሬ በየወረዳው የሚሠራው የልማት ሠራተኛ የሚጠቀምበት የኤክስቴንሽን አሠራር ሥሩ እዚያ ነው። አሜሪካ ያንን ያደረገችው ገበሬው ወደ ሶቪየት ጎራ እንዳያዘነብል በመስጋት ጭምር ቢሆንም፣ ዘሩ ከተዘራ በኋላ ማሳው የእኛ ሆኗል።

ወደ ሐውድ እንመለስ፤ የአክሊሉ ሥራ በቀጥታ ከሣርና ከከብት ጋር የተገናኘው እዚያ ነውና። ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም. ሲመለስ ሐውድና የተከለለው ቦታ በእንግሊዝ እጅ ቀርተው ነበር። ሐውድ በዝናብ ወራት ሣሩ የሚያምር፣ ቋሚ ውኃ ግን የሌለው ሜዳ ነው። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዝናብ ሲጥል ግመላቸውንና በጎቻቸውን ነድተው ይገቡበታል፤ በበጋ ወደ ጉድጓዶቻቸው ይመለሳሉ። ይህን የግጦሽ መብት በ1889 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከእንግሊዙ ልዑክ ጋር የፈረሙት ውል አውቆታል፤ ያው ውል ደግሞ ድንበሩን በሜዳው መካከል አስምሯል። አክሊሉ ለንደን ተጉዘው በኅዳር 1947 ዓ.ም. አዲስ ስምምነት አስፈረሙ፤ እንግሊዝ ቦታውን ለቀቀች፤ የግጦሹ መብት በጽሑፍ ጸና። ለዲፕሎማቱ ድል ነበር። ለአርብቶ አደሩ ግን የመሬቱ ባለቤትነትና የሣሩ ባለመብትነት በሁለት መንግሥታት መካከል ተከፈለ። በሐርጌሳ ቁጣ ተነሣ፤ የሶማሌላንድ መልእክተኞችም እስከ ለንደንና እስከ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ አቤት አሉ፤ አልተሳካላቸውም። በ1952 ዓ.ም. የሶማሊያ ሪፐብሊክ ስትመሠረት ይህ ቅሬታ ከነሙሉ ክብደቱ ወደ አዲሱ መንግሥት ተላለፈ። በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ የያዘችው አቋም የጸና ቢሆንም፣ ለመንጋው መተላለፊያ የሚሆን ዘላቂ አሠራር አለመበጀቱ የዚያ ድርድር ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1948 ዓ.ም. ክረምት ግብፅ የስዊዝን ቦይ ስትወርስ የለንደን ጉባኤ አምስት አገሮችን መርጦ ወደ ናስር ላከ፤ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ስዊድን፣ ኢራንና ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያን የወከሉት አክሊሉ ናቸው። ልዑኩ ካይሮ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ካይሮ በበኩሏ በዓባይ ጉዳይ ከሱዳን ጋር ብቻዋን ትነጋገር ነበር፤ ኢትዮጵያ በወንዙ ላይ ያላትን መብት እንደምትጠብቅ በተከታታይ ማስታወሻዎች አሳወቀች፤ ሁለቱ ግን በ1952 ዓ.ም. መጀመሪያ ውኃውን ተከፋፈሉት። ግብፅ የአስዋንን ግድብ ከሶቪየት ጋር ለመሥራት ስትስማማ፣ የአሜሪካ መሐንዲሶች ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የዓባይን ሸለቆ አጠኑ። ካጠኗቸው አራት ትላልቅ የግድብ ቦታዎች አንዱ በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው ነው፤ የሕዳሴው ግድብ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷም በአንድ ወገን ብቻ አልተደገፈችም። በ1951 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ፤ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በሶቪየት ተሠራ። በዚያው ዓመት አቅራቢያ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ውል የአቃቂን ጣቢያ የሚያልፈው የምድር ባቡር ኩባንያ ግማሽ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆነ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ሀብተወልድ ተገደሉ። ከወራት በኋላ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. ቆዩ። እነዚህ ዓመታት ከቀደሙት የደበዘዙ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1963 ዓ.ም. ቻይና ዕውቅና አገኘች። በሌላ በኩል በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ አክሊሉ አሥር ዓመት የደከሙበት ውል በራሳቸው መንግሥት ዘመን ተቀደደ፤ የሠላሳ ዓመት ጦርነትም ተከተለ። የወሎው ረኀብ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። በዓለም መድረክ እያንዳንዱን የቃላት ልዩነት የሚያስተውል ሰው የሚመራው ካቢኔ፣ ከአዲስ አበባ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ ሲያልቅ ችግሩን በጊዜው አልገለጠም። ይህን በውጭ ጉዳይ ስኬት ማካካስ አይቻልም።

የአሜሪካም ፍላጎት ቀዝቅዞ ነበር። ሳተላይት ሲመጣ የአስመራው ጣቢያ ጥቅም ቀነሰ፤ ሶቪየት ሶማሊያን ስታስታጥቅ ዋሽንግተን ለኢትዮጵያ የተጠየቀውን ያህል መሣሪያ አልሰጠችም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ እንዲሁም የወታደሮች ዐመፅ በአንድነት መጡ፤ የአክሊሉ ካቢኔ ሥራ ለቀቀ። ከሁለት ወር በኋላ ታሰሩ። በእስር ቤት ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚተርክ ጽሑፍ ጻፉ፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ።

የአስመራው የአሜሪካ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ሶቪየቶችን ስታባርር፣ የሶቪየት አውሮፕላኖች ለኢትዮጵያ መሣሪያ ጭነው አዲስ አበባ ያርፉ ነበር።